መድኃኒት የተባለው መርዝ

ስሙና ሥራው የማይስማማለት ነገር ብዙ ነው፤ ከነዚህም አንዱ በአትክልት ማሳ ላይ የሚረጨው የተባይ መርዝ ነው። በአማርኛ «መድኃኒት» ይባላል። ገበሬው በሱቅ ደጃፍ ቆሞ «የተባይ መድኃኒት ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሱቁም በዚሁ ስም ይሸጥለታል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በደብዳቤው ላይ በዚሁ ስም ይጽፈዋል። መድኃኒት የሚለው ቃል ግን «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው የሚያድን ማለት ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚሁ ነገር ያወጡለት ስም «ነፍሳትን የሚገድል» የሚል ነው። እንግዲህ ዕቃው ከባሕር ማዶ ተጭኖ ወደዚህ አገር ሲመጣ ገዳይ ሆኖ ይሳፈርና አዳኝ ሆኖ ይራገፋል።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን በተተወ ነበር። ዳሩ ግን ሰው የሚሠራው ቃሉ እንዳሳሰበው ነው። ሕመምተኛ መድኃኒት ወስዶ ባይሻለው ይጨምራል፤ አሁንም ባይሻለው ሌላ ይደርባል። ገበሬውም ማሳው በተባይ ሲወረር እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ይረጫል፤ ተባዩ ባይጠፋ በሳምንቱ ይደግማል፤ አሁንም ባይጠፋ ሁለቱን ቀላቅሎ ይረጫል። በሰው ሕመም ላይ ይህ ሥራ አደገኛ ነው፤ በመጣጭ ተባይ ላይ ግን አደገኛ ከመሆኑም በላይ ተባዩን ራሱን ያረባል። ይህን ተረድቶ ለገበሬው ማስረዳትና ሥርዓት ማበጀት ከሁሉ አስቀድሞ መርዙን የሚሸጠው ነጋዴና ገበያውን የሚቆጣጠረው አስተዳዳሪ ግዴታ ነው።

መጣጭ ተባይ የሚባሉት ቅጠል የሚበሉት አይደሉም። አባ ጨጓሬና አንበጣ ቅጠሉን በመንጋጋቸው ይቆርጡታል፤ የሠሩትም ጥፋት ወዲያው ለዓይን ይታያል። መጣጮቹ ግን አፋቸው እንደ መርፌ የቀጠነ ስለ ሆነ ቅጠሉን ወግተው የተክሉን ጭማቂ ይመጣሉ። በቃሪያና በጥቅል ጎመን ላይ የሚከማቸው ክሽክሽ፥ በቲማቲም ቅጠል ሥር ተሰውሮ የሚኖረው ነጭ ዝንብ፥ የሽንኩርቱን ቅጠል እየፋቀ የሚመጠውና ትሪፕስ የተባለው እጅግ ቀጭን ነፍሳት፥ እነዚህ ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። ትንንሾች ናቸውና ገበሬው ብዙ ጊዜ የሚያያቸው ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ወይም ከተጨማደደ በኋላ ነው።

የሚመጡት ጭማቂ ስኳር የበዛበት፥ ለሰውነት መገንቢያ የሚሆነው ነገር ግን ያነሰበት ነው። ስለዚህ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚበቃቸውን ምግብ ለማግኘት ከመጠን በላይ ይመጣሉ፤ የተረፈውንም ስኳር በማር መልክ ያፈሱታል። በዚያም ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልና ቅጠሉ የፀሐይን ብርሃን እንዳያገኝ ይጋርደዋል። ጉንዳኖችም ለዚህ ጣፋጭ ሲሉ ክሽክሹን እንደ ከብት ይጠብቁታል፤ ሊበላው የሚመጣውንም ነፍሳት ያባርራሉ።

አራቡም ከሌላው የተለየ ነው። ክሽክሽ በሞቃት ወራት ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ እንቁላልም ሳይሆን ሕይወት ያለውን ልጅ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም ሴት በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ራሷ ወላድ ትሆናለች። ነጭ ዝንብ አየሩ ሲሞቅ ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ትሪፕስ ደግሞ እንቁላሉን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ቀብሮ ይጥላል፤ ልጆቹ በሽንኩርቱ ልብ ውስጥ፥ ቅጠልና ቅጠል በሚገናኝበት ጠባብ ቦታ ይሸሸጋሉ፤ ወደ ሙሉ አካል የሚለወጡትም ብዙውን ጊዜ በአፈር ውስጥ ነው። እንግዲህ ገበሬው ከላይ ሲረጭ መርዙ እንቁላሉን አያገኘውም፤ በአፈር ያለውንም አይነካውም፤ በልቡ የተሸሸገውም የሚያመልጥበት ዕድል ብዙ ነው።

ከመምጠጣቸው የባሰው ጉዳት ግን በሽታ ማጋባታቸው ነው። ነጭ ዝንብ የታመመ ቲማቲም ሲመጥ የቅጠል መጠቅለልና መቢጨትን የሚያመጣውን ቫይረስ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ከተክል ወደ ተክል ያዛምተዋል። ይህ ቫይረስ የያዘው ቲማቲም የሚድንበት ነገር እስከ ዛሬ አልተገኘም። በክሽክሽ የሚተላለፉት አንዳንዶቹ ቫይረሶች ደግሞ ነፍሳቱ ቅጠሉን ለመቅመስ በወጋበት በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ይተላለፋሉ። ከጎረቤት ማሳ በርሮ የመጣ ክሽክሽ በመርዝ የተነከረ ቅጠል ላይ ቢያርፍ እርግጥ ይሞታል፤ ነገር ግን ከመሞቱ በፊት በሽታውን ሰጥቶ ነው። በዚህ ጊዜ መርጨት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው።

መርዞቹም ሁሉ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ በቅጠሉ ፊት ላይ ተቀምጦ ቅጠሉን የሚበላውን ተባይ በሆዱ በኩል ይገድላል፤ የመጣጩ መርፌ ግን በመርዙ ውስጥ አልፎ ወደ ውስጠኛው ጭማቂ ስለሚወርድ ይህ ዓይነቱ አያገኘውም። ሌላው ገላውን ሲነካው የሚገድል ነው፤ ይህም የሚሠራው በቅጠሉ ሥር ያለው ነጭ ዝንብ በትክክል ከተነካ ነው፤ ገበሬው ግን ቆሞ ከላይ ወደ ታች ስለሚረጭ ቅጠሉ ለተባዩ ጃንጥላ ይሆንለታል። ሦስተኛው ወገን ተክሉ በሥሩ ወይም በቅጠሉ ተቀብሎ በጭማቂው ውስጥ የሚያዘዋውረው ነው፤ ለምሳሌ ዲሜቶኤትና ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባሉት ከዚህ ይቈጠራሉ። ለመጣጭ ተባይ እጅግ የሚስማማው ይህ ነው፤ ነገር ግን በጭማቂው ውስጥ የሚዘዋወረው መርዝ ሰው ለሚበላው ክፍልም ሊተርፍ ስለሚችል፥ ከሁሉ ይበልጥ መጠንና ቀን ጠብቆ ሊሠሩበት የሚገባው ደግሞ ይኸው ነው። ይህን ልዩነት ሳይጠይቁ መግዛትና ሳያስረዱ መሸጥ ገንዘብን ወደ ቦይ እንደ ማፍሰስ ነው።

በማሳው ውስጥ ገበሬው ደመወዝ የማይከፍላቸው ሠራተኞች አሉ። ቀይ መልክ ያላት፥ በጀርባዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጢንዚዛ ከነልጆቿ በዕድሜዋ በመቶ የሚቈጠር ክሽክሽ ትበላለች። ከትንኝ የምታንስ ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን በክሽክሽ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇም ከውስጥ በልታ ባዶ ቅርፊት ታስቀረዋለች። ነጭ ዝንብም እንዲሁ የሚያጠፉት ጥገኛ ተርቦች አሉ። እነዚህ ወዳጆች ከተባዩ ይልቅ በመርዝ ፈጥነው ይሞታሉ፤ ምክንያቱም እያደኑ በቅጠሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፤ ሲራቡም እንደ ተባዩ በብዛትና በፍጥነት አይደለም። ስለዚህ ሁሉን በአንድነት የሚፈጅ መርዝ በተረጨ ማግሥት ማሳው የጸዳ ይመስላል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከሞት የተረፈው ጥቂቱ ተባይ ጠላት በሌለበት አገር እንደ ገባ ጦር ይሆናል፤ ከቀድሞውም በዝቶ ይታያል። ገበሬው ይህን አይቶ «መርዙ አንሶ ነው» ብሎ ይጨምራል።

የዚህ ነገር ታላቁ ምስክር ከዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ ጎረቤት፥ ከሱዳን ይገኛል። በነጭና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለው የጀዚራ እርሻ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የተዘራው ጥጥ ቢሆንም፥ ጥጡን ያጠቃው ነጭ ዝንብ በቲማቲም ላይ የሚኖረው ያው ነጭ ዝንብ ስለ ሆነ ምሳሌነቱ ለአትክልትም ይሠራል። በጀዚራ መርዝ መርጨት የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓመታት ሲሆን፥ በ1950ዎቹ ዓመታት በአንድ የምርት ወቅት አንድ ጊዜ ያህል መርጨት ይበቃ ነበር። ዋናው መርዝም ዲዲቲ ነበር፤ ይህም ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ በ1939 ነፍሳት ገዳይነቱን ገልጦ በ1948 የኖቤልን ሽልማት ያገኘበት ነው። መርጨቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ ወቅት እስከ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ይረጭ ጀመር። ቀድሞ ትንሽ ግምት የነበረው ነጭ ዝንብም ከተባዮቹ ሁሉ የሚከፋ ሆነ። የሚያፈሰው ማር መሰል ፈሳሽ ጥጡን አጣበቀው፤ የተጣበቀውም ጥጥ የፈትል ፋብሪካዎችን መኪና ስላወከ በዓለም ገበያ ስሙ ተበላሸ፥ ዋጋውም ወረደ።

ነጋዴ ይህን ታሪክ ሊያስተውለው ይገባል። የጀዚራ ጥጥ የተጎዳው መርዝ አጥቶ አይደለም፤ መርዝ በዝቶለት ነው። የመርዙን ዋጋ የከፈለው ገበሬ በጥጡ ዋጋ መውረድ ሁለተኛ ከፈለ። ሱዳን በ1981 ዲዲቲን ከእርሻ ከለከለች፤ የሱዳን ተመራማሪዎችም ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ሆነው ተባዩን ቈጥሮ የመርጨትን ሥርዓት አጠኑ። ቈጠራው የተወሰነ መጠን ላይ ሳይደርስ ባለመርጨትና ወዳጅ ነፍሳትን በማዳን የመርጫውን ጊዜ ብዛት መቀነስ እንደሚቻል፥ በዚህም ምክንያት ምርቱ እንደማይጎድል አሳዩ። ይህም ሥራ ከጥጥ አልፎ በኋላ ዘመን ወደ አትክልት ገበሬዎች ደረሰ።

ሁለተኛው ነገር መርዙ የሚለመድ መሆኑ ነው። ከሺሕ ተባዮች መካከል በተፈጥሮው መርዙን የሚችል ጥቂት ይኖራል። ሌላው ሲሞት ይህ ይተርፋል፤ የሚወልዳቸውም እርሱን ይመስላሉ። በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት መርዝ ሲረጭ ገበሬው ሳያውቀው ጠንካራውን ዘር እየመረጠ ያረባል፤ የበሬ አርቢ መልካሙን ኮርማ መርጦ እንደሚያራባ ማለት ነው። ይህ በጽሑፍ አስቀድሞ የታወቀው በ1914 መላንደር የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በፍራፍሬ ዛፍ ላይ ተጣብቃ ጭማቂ የምትመጥ ነፍሳት የተለመደውን መርዝ መቋቋሟን በገለጠ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የዲዲቲ ነፍሳት ገዳይነት ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ ኮክ፥ ድንች፥ ቃሪያና ሌላም ብዙ ተክል የሚያጠቃው አረንጓዴ ክሽክሽ ከሰባ በላይ ለሆኑ የመርዝ ዓይነቶች መቋቋሚያ እንዳገኘ ተመዝግቧል።

በኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ፥ በባቱ (ዝዋይ)ና በመቂ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ በብዛት ይመረታል። በኤርትራም ከአሥመራ ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ ያለው የዒላበርዕድ እርሻ በአትክልትና በፍራፍሬ የታወቀ ነው። መስኖ ባለበት አገር አንዱ ማሳ ሲታጨድ ሌላው ይተከላል፤ ስለዚህ ለተባዩ የረኃብ ወር የለውም። በስምጥ ሸለቆ የሽንኩርት ገበሬ ትሪፕስን ለማጥፋት አብዝቶ የሚጠቀመው ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ፕሮፌኖፎስ በሚባሉት ነው። ስማቸው ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን የንግድ ስም ይሰጠዋልና። ከዚህ የተነሣ ገበሬው ሳምንት አንዱን፥ ሳምንት ሌላውን የገዛ መስሎት፥ ስማቸው የተለያየ ዳሩ ግን በውስጣቸው ያለው ያው የሆነ ዕቃ ሲረጭ ይከርማል። መለወጡ ለጠርሙሱ እንጂ ለተባዩ አልሆነም።

በሰው ላይ የሚደርሰውም ጉዳት አይረሳ። ፕሮፌኖፎስ፥ ዲሜቶኤትና ማላታዮን የአንድ ወገን መርዞች ናቸው፤ የነፍሳትን ነርቭ በሚያውኩበት መንገድ የሰውንም ነርቭ ያውካሉ። የሚረጨው ሰው ላብ ቢያጠምቀው፥ ምራቁ ቢበዛ፥ ራሱን ቢያመው፥ ዓይኑ ቢደክም፥ ትንፋሹም ቢያጥረው የፀሐይ ብርታት ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። መርዙን ከትልቅ ዕቃ ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ በችርቻሮ መሸጥ ደግሞ ለሕፃናት ወጥመድ መዘርጋት ማለት ነው፤ ውሃ ወይም መጠጥ መስሎት የሚያነሣው ልጅ መለያ ምልክት የለውምና። ንቦችም የሰው ያህል ባይቆጠሩ፥ ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደ መሆኗ፥ በአበባ ወራት በጠራራ ፀሐይ የሚረጨው መርዝ የማር ነጋዴውንም ኪስ ይነካል።

የውጭ ገበያም ዓይኑ እያጠራ ሄዷል። የአውሮፓ ኅብረት ለብዙ መርዞች የተለየ ወሰን ያላደረገላቸው እንደ ሆነ፥ በምግብ ላይ ሊገኝ የሚፈቅደው ቅሬታ በአንድ ኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ኅብረቱ በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድን ጨምሮ ሦስት የአንድ ወገን መርዞች በንብ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት በሜዳ ማሳ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ፤ በ2019ም የዲሜቶኤትን ፈቃድ ሳያድስ ቀረ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ሱቅ በነጻ የሚሸጥ ዕቃ በባሕር ማዶ ወደብ ላይ ጭነት ሊያስመልስ ይችላል። ከመርዙ ችርቻሮ ያተረፈው ነጋዴና በጭነቱ መመለስ የከሰረው ነጋዴ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑም የገበያው ስም ግን አንድ ነው።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርብ አይጠፋም። «ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የለም፤ ሕዝቡ በዝቷል፤ መርዙ ቢቀር ምርቱ ይጠፋል፥ ዋጋውም ሰማይ ይወጣል» ይላል። ይህ ቃል እውነት አለበት። ትሪፕስ በደረቅ ወራት ሲበዛ ሽንኩርቱን አቀጭጮ ያስቀረዋል፤ በዚያን ጊዜ ተስማሚውን መርዝ በልኩ መርጨት ተገቢ ነው። የሚነቀፈው መርዙ መኖሩ አይደለም፤ አስፈለገም አላስፈለገ በየሳምንቱ እንደ ጸሎት ሰዓት ተቈጥሮ መረጨቱ ነው። በብዙ አገር ለሽንኩርት የተለመደው ሥርዓት በአንድ ተክል ላይ በአማካይ ከአምስት እስከ አሥር ትሪፕስ ሲቈጠር ብቻ መርጨት ነው። ቈጠራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠዋት ተነሥቶ በማሳው ውስጥ ከየአቅጣጫው ጥቂት ተክሎችን መርጦ የቅጠሉን ልብ ገልጦ ማየት ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌ በዚህ ስፍራ ቃል በቃል ይሠራል፤ ቅጠሉን አስቀድሞ ያየ ማሳው አይቃጠልበትም።

ከመርዝ ሌላም መሣሪያ አለ። የችግኝ መደብ ነጭ ዝንብ በማያልፍበት ጥቅጥቅ ባለ መረብ ሲሸፈን ቲማቲሙ በልጅነቱ ከቫይረስ ይጠበቃል። ቢጫ ቀለም የተቀባና ሙጫ የተለቀለቀ ሰሌዳ ነጭ ዝንብና ክሽክሽን እየሳበ ይይዛል፤ ሰማያዊው ደግሞ ትሪፕስን ይስባል፤ ይህም ተባዩ መምጣቱን ለማወቅ ይረዳል። በማሳው ዙሪያ የተዘራ በቆሎ እንደ አጥር ይሆናል። የታመመውን ተክል ቶሎ ነቅሎ ማቃጠል፥ ከመከር በኋላም ቃርሚያውን ማጽዳት የበሽታውን መነሻ ያጠፋል። በቆላ አገር ለጥላ የሚተከለው የኒም ዛፍ ፍሬም በውሃ ተዘፍዝፎ ሲረጭ ለብዙ መጣጭ ተባይ ይሠራል። እነዚህ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሙሉ ፈውስ አይሆኑም፤ በአንድነት ሲሠሩ ግን መርዙ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲፈለግ ያደርጋሉ።

አሁን ከሁለቱ ባለግዴታዎች የሚፈለገውን ለይቶ መናገር ይገባል።

ከነጋዴው የሚፈለገው ብዙ አይደለም። አንደኛ፥ ገበሬው ምን ተባይ እንዳየ ሳይጠይቅ አይሽጥ፤ የአባ ጨጓሬን መርዝ ለነጭ ዝንብ ከሸጠ ገንዘቡን ያለ ዋጋ ተቀበለ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ በጠርሙሱ ላይ የንግዱን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን የመርዙን ስም አንብቦ ለገበሬው ይንገረው፤ በብዙ ዕቃዎች መግለጫ ላይ መርዙ በምን መንገድ እንደሚገድል የሚያመለክት የወገን ቁጥር ይታተማል፤ ላምዳ ሳይሃሎትሪን «3»፥ ፕሮፌኖፎስና ዲሜቶኤት «1»፥ ኢሚዳክሎፕሪድ «4» የሚል ነው። ገበሬው ለአንዱ የተባይ ትውልድ አንዱን ወገን ከረጨ ለሚቀጥለው ትውልድ ቁጥሩ የተለየውን ይያዝ። ሦስተኛ፥ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀለም ያስረዳ፤ ቀይ መስመር እጅግ አደገኛ፥ ቢጫ ከዚያ የሚያንስ፥ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ ከነዚያ የሚያንሱ ናቸው፤ ይህን ማንበብ የማይችልም ሰው በዓይኑ ያውቀዋል። አራተኛ፥ ከመርጨት እስከ መልቀም ሊቆይ የሚገባውን የቀን ቁጥር ይንገር፤ ቲማቲም በየሦስትና በየአራት ቀን ስለሚለቀም ይህ ቁጥር ካልተጠበቀ መርዙ ከእርሻ ወደ ወጥ ድስት ይሻገራል። አምስተኛ፥ ከኩባንያው ዕቃ ወደ ሌላ ጠርሙስ ገልብጦ አይሽጥ። አትክልቱን በጅምላ የሚገዛውም ነጋዴ የበኩሉ ግዴታ አለበት፤ መልኩ አምሮ የተገኘውን ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ቀን እንደ ተረጨ ጠይቆ የሚገዛ ከሆነ ገበሬው ቀኑን መጠበቅ ይማራል።

ከአስተዳዳሪው የሚፈለገው ከዚህ ይከብዳል። ሕግ የለም ሊባል አይቻልም፤ በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2010 ወጥቷል፤ ያልተመዘገበ መርዝ እንዳይገባና እንዳይሸጥም ያዛል። ያረጁ መርዞች በየመጋዘኑ ተከማችተው ያመጡት ጣጣም ይታወቃል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ጊዜው ያለፈበትን ከአንድ ሺሕ ቶን በላይ የተባይ መርዝ በውጭ ርዳታ አሰብስባ ለማቃጠል ወደ አውሮፓ ለመላክ ተገድዳለች። መርዝ ከመጠን በላይ መግዛት ቀላል፥ የተረፈውን ማስወገድ ግን ከመግዣው የሚበልጥ ወጪ መሆኑን ይህ ያስተምራል። እንግዲህ የሚጎድለው ሕጉን ከጋዜጣው አውርዶ እስከ ገጠር ሱቅ ማድረስ ነው። የጠርሙሱ ጽሑፍ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ፥ በሚነበብ ፊደል፥ በቀላል ቃል ይጻፍ፤ አማርኛ በሚነገርበት በአማርኛ፥ ትግርኛ በሚነገርበት በትግርኛ፥ ኦሮምኛ በሚነገርበትም በኦሮምኛ። ሲተረጐምም «መድኃኒት» ከሚለው ቃል አጠገብ «መርዝ» የሚለው በጉልህ ይጨመር። የሚቸረችረው ሰው ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያግኝ፤ የሚሸጠውም ከእህልና ከስኳር በተለየ ሱቅ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥና በጠርሙስ የማይሸጥ፥ በአስተዳደር ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ መሣሪያ ደግሞ አለ። ይኸውም ተባዩን የማስራብ ሥርዓት ነው። በዶሚኒካን ሪፑብሊክ በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው ቫይረስ ለፋብሪካ የሚመረተውን ቲማቲም ክፉኛ አጠፋው። በመርዝ ብቻ ሊቋቋሙት ቢሞክሩ አልሆነም። በኋላ መንግሥት በየዓመቱ ለሦስት ወር ያህል ቲማቲምና ነጭ ዝንብ የሚኖርባቸው ሌሎች አትክልቶች በዚያ አገር እንዳይተከሉ አዘዘ። ነጭ ዝንቡ ቫይረሱን የሚቀበልበት ተክል አጣ፤ አዲሱ ቲማቲምም በንጹሕ ምድር ተተከለ፤ ምርቱም ከሌሎቹ ዘዴዎች ጋር ተደጋግፎ አገገመ። ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢሞክር ራሱን ያስርባል እንጂ ተባዩን አያስርብም፤ የጎረቤቱ ማሳ አረንጓዴ ነውና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው አንድ የመስኖ ወረዳ በአንድነት ለጥቂት ሳምንታት ከቲማቲምና ከቃሪያ ወደ እህል ቢዞር፥ ብዙ በርሜል መርዝ ያላደረገውን ሊያደርግ ይችላል። ውሃውን የሚያከፋፍለውና የመትከያውን ወር የሚወስነው ባለሥልጣን ካላዘዘው ግን አይሆንም። ከማዘዙም በፊት በዚያ ወር የገበሬው ገቢ ከምን እንደሚተካ መምከር የአስተዳዳሪው የርኅራኄ ግዴታ ነው።

ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚታየው ሥርዓት የተገላቢጦሽ ነው። ገበሬው ማንበብ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ መርዝ ይገዛል፤ መጠኑን በጠርሙስ ክዳን እየለካ ይቀላቅላል፤ ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ ይረጫል፤ ተባዩ ሲበዛበት የሚወቀሰውም እርሱ ነው። ከእርሱ ይልቅ ግን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው፤ የሸጠለት ሰው ዕቃውን ያውቃል፥ የሚያስተዳድረው ሰው ሕጉን ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ በማያውቀው ላይ መፍረድ አይገባውም።

የጀዚራ ገበሬዎች ብዙ መርጨት ብዙ ምርት አለመሆኑን የተማሩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶ፥ በጥጣቸውም ስም ከፍለው ነው። በአትክልት ማሳ ላይ ያ ትምህርት እንደገና በዚያው ዋጋ ሊገዛ አይገባም። መርዙ በስሙ ይጠራ፤ በቁጥር ይረጭ፤ በወገን ይለዋወጥ፤ በወረዳ ደረጃም ለተባዩ የረኃብ ወር ይወሰንለት። ያን ጊዜ መርዙ በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን ኃይሉን ጠብቆ ይገኛል፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙም ያለ ሥጋት ወደ ገበያ ይወጣል።